ያልተቆላ እህል

አያ ዳኛውን የወነጀልኳቸው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ብርቄ ናት ይላል። ብርቄ ድምፅዋ ገደል ማዶ ድረስ ስለሚሰማ ነገር ሁሉ ከእሷ የሚነሣ ይመስላል እንጂ፣ የዚያን ቀኑ ነገር ከእኔ አፍ ወጥቶ ነው ወደ እሷ ጆሮ የገባው። አሥር ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሞልቶኛል፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኝ ሁለቱንም ጊዜ በምላሴ መልሻለሁ፤ ስለዚህ እንደ ትልቅ ሰው ቁጠሩኝ። ትምህርት ካላችሁ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀርቷል። ማንበብ ግን እችላለሁ። ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉን ያወቀ ይመስለኝ ነበር።

አገራችን ቀይ አፋፍ ይባላል። ከአዲ አርቃይ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ ያለ፣ ገብስ እንጂ ሌላ እህል እሺ የማይልበት ደጋ ነው። በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ሲደርስብን ገብሱ ገና ቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ የሸሸነው እኔና እናቴ አየለች ነን፤ ሦስት ቀን በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ እንደ ከሰል ተጭነን ጎንደር ገባን። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አሰፈሩን። ለእኛና ለሰባት ቤተሰብ የደረሰን ሁለተኛ «ለ» ክፍል ነበር። ሦስተኛን ጨርሼ ወደ ሁለተኛ መመለሴ ከጦርነቱ እኩል አናደደኝ።

የጎንደር ሰው ሸጋ ነው። ዳቦ አመጣ፣ መኮሮኒ አመጣ፣ ልብስ አመጣ። አንዲት ወይዘሮማ ባለ ተረከዝ ጫማ ሰጥታ፣ ጎረቤታችን ብርቄ፣ የአራት ልጆች እናት፣ በምላስ ግን የአርባ፣ ያን ተጫምታ ሦስት ቀን ሙሉ በክፍሉ ውስጥ ስትወድቅ ስትነሣ ሰነበተች።

ሰው ሁሉ ሊሰጥ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሊጠይቁ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ ክርኑ የሳሳ ጥቁር ካፖርት የለበሱ። በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን ዋላችሁ። ያልተቆላ እህል የያዘ አለ?»

እርስ በርሳችን ተያየን።

«ዱቄት አይደለም፤ ቆሎም አይደለም። ጥሬ። ከአገራችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት። እፍኝ ብትሆን፣ ከዚያም ብታንስ።»

ብርቄ ተረከዟ ላይ እየተንገዳገደች ሳቀች። «ምነው አያ! ሰው ለተፈናቃይ ይሰጣል፤ አንቱ ከተፈናቃይ ሊለምኑ መጡ?»

«አዎን፣ ልለምን ነው የመጣሁ» አሉ። አልተቆጡም። «አደራ ተቀብዬ አስቀምጥላችኋለሁ።»

እናቴ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ መቀነቷን ፈታች። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ በመንገድ «እማ ራበኝ» ስላት፣ ጎኔ ስትሄድ፣ እዚያ ወገቧ ላይ እህል ነበረ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቋጠሮውን ሽማግሌው መዳፍ ላይ ዘረገፈችው። ሰነፍ ቆሎ ነበር። ሰነፍ ቆሎ የገብስ ዓይነት ነው፤ ልጣጩ ቶሎ ስለሚለቅ መፈተግ አይፈልግም፤ ለሰነፍ ሴት ይመቻል ተብሎ ነው ስሙ እንዲህ የወጣለት።

«መቼ ነው የምትዘሩት?» አሏት።

«ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ።»

«በየት በኩል?»

«ውርጭ በሚወርድበት በኩል። ሌላው ገብስ እዚያ አይሆንም። ይኸ ውርጭ አያውቅም።»

ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ጻፉ። በክንዳቸው ሥር አንገቴን አሹልኬ አነበብኩት፦ አየለች። ቀይ አፋፍ። ሰነፍ ቆሎ። ውርጭ ይችላል። እፍኝ ተኩል። እኛ አገር የሰው ስም ከእህል ጋር የሚጻፈው ለግብር ሲሆን ነው። ስለዚህ ገባኝ፦ እኒህ ሰው የወሰዱትን የሚጽፉት ለቀረው ሊመለሱ ነው። ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ከክፍል ክፍል እየዞሩ ከአርባ ቤት ያህል እፍኝ እፍኝ ሲሰበስቡ ከኋላቸው ተከትለን «አያ ጥሬ! አያ ጥሬ!» እያልን ጮኽን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱንም ሰው ብርቄ ናት ይላል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሊጀመር ነው ተብሎ ክፍሉን ልቀቁ ተባልን። ወይዘሮ ሐረገወይን የሚባሉ ባልቴት፣ እናቴ ልብስ ልታጥብላቸው፣ ከግቢያቸው ጀርባ እንጨት የሚከትቱባትን ክፍል ሰጡን። ብርቄና የመንደራችን ሽማግሌ አያ ምንዳዬ ከነቤተሰባቸው ከመንገዱ ማዶ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ማንን ባይ ጥሩ ነው? አያ ጥሬ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ሆነው፣ በራፋቸው ላይ ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ።

አንድ ቀን እናቴና ወይዘሮ ሐረገወይን አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጠመዝዙ ከበር ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«እኒህን ሰው ቀላል እንዳይመስሉሽ» አሉ ባልቴቷ። «ከዚያኛው፣ ከዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በኋላ እኮ አዲስ አበባ ትልቅ ወንበር ላይ ነበሩ። የፈረሰው አገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር የሚቋቋም።»

«ታዲያ ምነው እዚህ?»

«አወረዷቸዋ! ለስንዴ የመጣው ገንዘብ ግማሹ ለዘር ካልሆነ አልፈርምም አሉ። ሰው ተርቦ እህል ከለከለ ተባሉ። ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ የለም።»

እኔ የታየኝ እግር መሬት የማያደርስ ረጅም ወንበር ነው። ከዚያ ላይ ነው ያወረዷቸው፤ እግራቸውም ያኔ ተሰብሮ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን አንዱን ቃል ያዝኩ፦ ሰው ተርቦ እህል ከለከሉ። እንግዲህ ባልቴቷ ራሳቸው መስክረዋል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል?

የአያ ጥሬ፣ የአያ ዳኛው ማለቴ ነው፣ በር አይቆለፍም ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ወረቀቶቹን አነብላቸው ጀመር፤ ለአንድ ንባብ አንድ እንክብል ስኳር። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የቀረው እህል ነው። በጠርሙስ፣ በወተት ጣሳ፣ በካልሲ። ካልሲዎቹ አይጥ እንዳይደርስባቸው ከጣራው በሽቦ ተንጠልጥለው፣ ነፋስ ሲገባ ይወዛወዛሉ። ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ቀይ ገብስ፣ የደጋ ባቄላ፣ ሰነፍ ቆሎ።

«አያ፣ ምነው አይበሉትም?» አልኳቸው አንድ ቀን። ደረቅ ዳቦ ሲያኝኩ ጥርሳቸው አሳዝኖኝ።

«የሚበላ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃል።»

«ማንን?»

«ዝናብን» አሉና ስኳሬን ሰጡኝ።

ጀርባቸውን ሲያዞሩ አንዲት ፍሬ ከጠርሙሱ አፍ አንሥቼ ምላሴ ላይ አደረግኋት። በምን እንዳወቁ እንጃ፣ መዳፋቸውን አገጬ ሥር ዘርግተው «ትፊያት» አሉኝ። ተፋኋት። በካፖርታቸው ጫፍ አደራርቀው ወደ ጠርሙሷ መለሷት። አንዲት ፍሬ! ንፉግ የሚባል ሰው አይቼ ባላውቅም፣ ይኸው አየሁ አልኩ።

ጥር ላይ፣ አገራችን ሰላም ሆነ ከተባለ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ካፖርታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው «ነይ፣ ዓይኔ ሁኚኝ» አሉኝ። ፌስታል አሸከሙኝ፤ ውስጡ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት እህል በወረቀት ተጠቅልሏል። ስለ መልሶ ማቋቋም ትልቅ ስብሰባ ወዳለበት አዳራሽ ሄድን። ዘበኛው የስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል።

«ስም?»

«ዳኛው።»

«ከየት መሥሪያ ቤት?»

ትንሽ አሰቡ። «አሁን ከሌለ መሥሪያ ቤት።»

«እዚህ የሉም አባቴ።»

«ልጄ፣ የዚህን አዳራሽ የመሠረት ድንጋይ ያኖርኩ እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ጣራውን የመታሁ ነኝ» አለ ዘበኛው፤ ከኋላችን የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እጃቸውን አየሁት፤ ለስላሳ ነው፤ ድንጋይ አንሥቶ የሚያውቅ እጅ አይደለም። ውሸታምም ናቸው አልኩ በልቤ።

አንድ ወጣት ሹም፣ ጌትነት የሚባል፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ሳቁን ሰምቶ ወጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ክንዳቸውን በትሕትና ይዞ «አባት፣ የተፈናቃይ ምዝገባ በጀርባ በኩል ነው» አለና ወስዶ ሰልፍ ውስጥ አቆማቸው።

«ተፈናቃይ አይደለሁም፤ ሐሳብ አለኝ።»

«ሐሳብ ከሆነ በጽሑፍ አድርገው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ቁጥር ይሰጥዎታል።»

አንዷን ጥቅልል አውጥተው እጁ ላይ አኖሩ። «ዘር ስታቀርቡ ደጋ ለደጋ በሉ፣ የኔ ልጅ። ቆላ የለመደ ዘር እዚያ አይሆንም። በሰኔ ካልገባ ደግሞ አይግባ።» ጌትነት አመስግኖ ኪሱ ከተታት። ከሱሪው ጋር ታጥባ ይሆናል። ሰልፉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆምን፤ ከመሀሉ እንዴት እንደሚወጣ የጠፋቸው ይመስለኛል። በመጨረሻ ለእያንዳንዳችን አንድ እሽግ ብስኩት ሰጡን። የእሳቸውንም ለእኔ ሰጡኝ። ለእኔ ሸጋ ቀን ነበር።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስኳሬን ፍለጋ ስገባ አያ ዳኛውን ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከፊታቸው እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ጨርቁ ላይ ገብስ አሥር አሥር ሆኖ ተደርድሯል፤ ገብሱ ነጭ ጅራት አውጥቷል። በመጥረጊያ ስንጥር እየነኩ ይቆጥራሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ዘጠና አንድ! ከመቶ ዘጠና አንድ!»

«ምንድን ነው አያ?»

«ነፍስ አላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነዋ! የእናትሽ ገብስ ነው፤ ሁሉንም በለጠ።»

እኔ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? የደጋ ልጅ ነኝ። ገብስ በውኃ አርሰው፣ ሸፍነው፣ ጅራት ሲያወጣ ምን እንደሚባል ከእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ የተማርኩት ነው። ብቅል ነው። ብቅል ደግሞ ለጠላ ነው፣ ለአረቄ ነው። ዘጠና አንዱም የጠርሙሱ ብዛት መሆን አለበት። የእናቴን መቀነት አስፈትተው፣ በጾም፣ አረቄ ሊያወጡ!

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ አንዲት የግብርና ሠራተኛ ቀይ አፋፍ መጥታ ከመንግሥት ዘር ከረጢት መቶ ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። «ብቅል ልታደርጊው ነው?» ብዬ ሳቅሁባት። «አይ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ማወቂያ ነው፤ ሳይዘሩ በፊት» አለችኝ። በስድስተኛው ቀን ፈታችው። ከመቶው ሠላሳ አራት በቅሏል። እሷ ስለ ሠላሳ አራቱ ስታዝን እኔ ዘጠና አንዱ ትዝ ብሎኝ ከሰው መሀል ተነሥቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ።

መጋቢት ላይ ጌትነት ድምፅ ማጉያ ይዞ መጋዘኑ ደጃፍ ቆመ። «ከነገ ወዲያ አውቶቡስ ይመጣል፤ ወደ ቀያችሁ ትመለሳላችሁ። ራሽን እዚያ ትወስዳላችሁ። ምርጥ ዘር በወቅቱ ይቀርባል።»

«ወቅቱ መቼ ነው የኔ ልጅ?» አሉ አያ ምንዳዬ።

«በወቅቱ ነው አባት።»

ያን ቀን ማታ አያ ዳኛው እናቴን በር ላይ አቁመው ሲያናግሯት ሰማሁ። «ኬላ ላይ እህል ይያዛል አሉ። ነገ ደብዳቤ ላስጽፍና ለእያንዳንዱ ባለቤት በየስሙ አስረክባለሁ። እስከዚያ ለማንም አትንገሪ፤ ሰው ርቦታል።» እናቴ እጃቸውን ሳመች። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ለማንም አትንገሪ» የሚለውን ብቻ ነው። ምስጢር አለና።

በማግሥቱ እሳቸው ወደ ቢሮ፣ እናቴ የባልቴቷን ልብስ ተሸክማ ወደ ቀሃ ወንዝ ሄዱ። ብርቄና አያ ምንዳዬ፣ ሌሎችም የአገራችን ሰዎች፣ ስለ ጉዞው ሊመክሩ ግቢያችን መጡ።

«ስንቅ የለ፣ ምን የለ» አለች ብርቄ፣ ትንሹን ልጇን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች። «አውቶቡሱ እስከ አዲ አርቃይ ነው። ከዚያ ወደ ላይ የአንድ ቀን ዳገት አለ። እነዚህ ልጆች ድንጋይ ልሰው ነው የሚወጡት?»

«እህልማ አለ» አልኩ።

«የት?»

«አያ ጥሬ ጋ። የእኛው እህል። ብቅል አብቅለውበታል፤ አረቄ ሊያወጡበት ነው። እናቴንም ለማንም አትንገሪ ብለዋታል።»

አያ ምንዳዬ ከዘራቸውን አነሡብኝ። «ተይ አንቺ ልጅ! ሽማግሌ አይወነጀልም!»

«በዓይኔ ያየሁትን! ይምጡና ይዩ!»

በሩ አይቆለፍም ብያለሁ። አያ ምንዳዬ ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር ያለውን እርጥብ ጨርቅ ገለጡት። ጅራታሙን ገብስ አንሥተው አሸተቱ። ሃምሳ ዓመት ያረሱ ሰው ናቸው፤ ዘራቸውን ከራሳቸው አውድማ አንሥተው የሚዘሩ፣ በጨርቅ መመርመር የማያውቁ። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ብቅል ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብርቄን ማን ይያዛት! «በሁዳዴ! በልጆቻችን አፍ ላይ! አደራ ብለው!» ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ ካልሲውን እየፈታች ሁሉንም አንድ ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው፤ ጥቁሩ ከነጩ፣ ቀዩ ከሰነፍ ቆሎው ተደባለቀ። ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። ጅራታሙን ለባልቴቷ ዶሮዎች በተነችው።

«ዘሩስ?» አሉ አያ ምንዳዬ፣ እንደ ፈራ ሰው ዝቅ አድርገው።

«ምርጥ ዘር ይመጣል ተብሎ የለ? ይቺ አንዲት ኩርማን ምን ልታደርግልን!»

እሳት ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። ብረት ምጣድ ከባልቴቷ ወጥ ቤት ያመጣሁም እኔ። ሰነፍ ቆሎው ከሁሉ ቀድሞ ፈካ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ልጆቹ ከበቡኝ። ያን ቀን የሠፈሩ ጀግና ነበርኩ።

ምርጥ ዘሩ መጣ፤ በሐምሌ አጋማሽ። ሁለት ጎረምሶች ከመኪና አውርደው አስፈረሙን። የበቀለው በቀለ፣ ከዚያም ገና ሳያፈራ የጥቅምት ውርጭ እንደ ፈላ ውኃ አረፈበት። በሁለተኛውም ዓመት፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። እናቴ በእግሯ ሦስት ደብር ዞራ ሰነፍ ቆሎ ጠየቀች። የሁሉም ጎተራ ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል። ውርጭ የሚወርድበት ያ መሬታችን አሁን ሣር ነው።

ያቺ የግብርና ሠራተኛ ጨርቋን በፈታች ዕለት አያ ምንዳዬም እዚያ ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ መጥተው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔን ሳይሆን ገደሉን እያዩ አወሩ።

«ከዚያኛው ጦርነት በኋላ እንዲሁ ባዶ ሆነን ነበር። እኔ ጎልማሳ ነኝ። በሰኔ መጀመሪያ ሰባት በቅሎ መጣ፤ የጫነው ስንዴ መስሎን ተሻማን። ገብስ ነው፤ ከሩቅ አገር ደጋ የመጣ። ‹ደጋ ለደጋ ተብሎ ታዟል፤ ይህ ለዘር ነው› አሉን። ተናደን ነበር፤ ርቦናላ! ግን ዘራነው። ሰነፍ ቆሎ እኛ አገር የገባ ያኔ ነው።»

«የአያቶቻችን ነው ትሉ የለ?»

«ሠላሳ ዓመት የበሉት ነገር የአያት አይመስልም ብለሽ ነው?»

«ማን ነበር የላከው?»

«ከላይ» አሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ደቡብ እየጠቆሙ። «ስሙን ማን ጠይቆ።»

ደጋ ለደጋ። ፌስታል ይዤ የሰማሁትን ቃል ነገርኳቸው፤ ወይዘሮ ሐረገወይን ስለ ወንበሩ ያሉትንም። አያ ምንዳዬ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱና ተነሡ። ባለፈው ዓመት ጎንደር ወርጄ ወይዘሮ ሐረገወይንን ስጠይቅ አያ ዳኛው እኛ በሄድን በሁለተኛው ዓመት ፍልሰታ ላይ አርፈዋል አሉኝ። ቀብር ላይ የግቢው ሰውና ቄሱ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ የለም። የትኛው መሥሪያ ቤት ሊመጣ?

ወደዚያ ቀን ልመለስ፤ የመጨረሻው ምጣድ እሳት ላይ ሳለ የግቢው በር ተከፈተ። አያ ዳኛው ናቸው፤ እጃቸው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘዋል። አግኝተውታል፤ ደብዳቤውን። ከኋላቸው እናቴ እርጥብ ልብስ ተሸክማ ቆማለች። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ ሽታው ነገራቸው።

እናቴ ልብሱን ጭቃ ላይ ጣለችው። «ምነው ብርቄ! ምነው! ምን አደረግሽ?»

«ብቅል አብቅለውበት…»

«ዘር ነው! ዘራችን ነው! ማን ነው ይኸን ያላችሁ?»

ብርቄ ወደ እኔ ዞረች። አፏ ተከፈተ። እኔ ከምጣዱ ጀርባ ጢሱ ውስጥ ገባሁ። አያ ዳኛው እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው እንጨት መፍለጫው ጉማድ ላይ ተቀመጡ። የክፍላቸው በር ወለል ብሎ ይታያል፤ ባዶ ካልሲዎቹ በሽቦው ላይ ይወዛወዛሉ።

«በሩን ያልዘጋሁ እኔ ነኝ» አሏት እናቴን። «ተያት።» ሰፌዱን አዩና «ሰነፍ ቆሎውም?» ብለው ጠየቁ።

ብርቄ ከሰፌዱ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

አያ ምንዳዬ ዛሬም ያን ሰዓት ምን ማድረግ ነበረብን ይላሉ። ምንም። የተቆላ አይመለስም። ልጆቹ ሰፌዱን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ ሽማግሌ ሳይባርክ ደግሞ ማንም አይነካም፤ በዚያ ግቢ ከአያ ዳኛው የሚበልጥ ሽማግሌ የለም። እናቴ ይህን አወቀች። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ከቆሎው በጣባ ዘግና፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከፊታቸው ዝቅ አለች።

«ይባርኩልን አያ። ልጆቹ ርቧቸዋል።»

አያ ዳኛው ጣባውን ተቀበሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛም ተነሣን።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ። ያበላችሁኝን እጅ ይባርክ። መንገዳችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። ቀያችሁ ያግባችሁ። ዝናሙን ዝናመ ምሕረት ያድርግላችሁ። የተዘራውን…»

እዚያ ላይ ድምፃቸው ቆመ። የሚቀጥሉ መስሎን ጠበቅን። አልቀጠሉም። ሰዉ ያለቦታው «አሜን» አለ።

ከጣባው ጥቂት ፍሬ አንሥተው አፋቸው ከተቱ። ጥርሳቸው ስለደከመ ብዙ ጊዜ አገላበጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ልጆቹ ገፉት፤ ልጆቹ ተንጋጉ፤ እኔም ከጢሱ ወጥቼ ከመሀላቸው ገባሁ። ትኩስ ነው፣ ጣት ያቃጥላል፣ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። መንጋጋዬ እስኪደክም በላሁ። እውነቱን ልናገር፦ እንዲያ የጣፈጠ ነገር በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላም ያ ጣዕም የትም የለም።